ከስክሪኑ የወደቀው መስመር

አስከሬኑን ከስንዴው ውስጥ ለማውጣት ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። የብረቱን ጎተራ ጎን በመቁረጫ ቀደዱት፤ ስንዴው እንደ ውሃ እየፈሰሰ ግቢውን ሞላው፤ በመጨረሻ አንድ ቦት ጫማ ታየ፣ ቀጥሎም እግር።

ሟቹ የዱቄት ፋብሪካው መካኒክ ነበር። ነገር ሁሉ ስለሚያስቀው «ሳቂታው» ይሉታል። በጎተራው ግድግዳ ላይ የተጋገረውን እህል ሊያራግፍ ገብቶ ሳለ ከሥር ስንዴውን እየጎተተ የሚያወጣው ማሽን ተነሳ፤ ስንዴውም ይዞት ሰመጠ። ያ ማሽን ደግሞ በራሱ አይነሳም። ያስነሳው ሰው አለ።

ዲዛይነሯ የተጠራችው በማግስቱ ጠዋት ነው። የፋብሪካው ማሽኖች የሚታዘዙበትን ሲስተም ገጽታ የሠራችው እሷ ናት። በመቆጣጠሪያው ክፍል ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ትልቁ ስክሪን፣ በሥራ አስኪያጇ ታብሌት፣ ሠራተኞቹ እየተቀባበሉ በሚይዙት የሥራ ስልክ ላይ፣ ያው አንዱ ገጽ እንደየስክሪኑ ስፋት እየተዘረጋና እየተሰበሰበ ይታያል። በዚህ ሥራዋ ተሸልማለች፤ የሽልማቱም ወረቀት በመስታወት ተደርጎ ቢሮዋ ውስጥ ተሰቅሏል። የዚያን ቀን ጠዋት ግን የፋብሪካውን በር ከማለፏ በፊት ሁለት ጊዜ ወደ መኪናዋ ተመልሳ ነበር። ምክንያቱን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

መርማሪው ጡረታው የደረሰ ቀጭን ሰው ነው። ባልደረቦቹ «ጋሼ ለምን» የሚል ስም አውጥተውለታል፤ ዝናብ መጣ ቢሉት እንኳ ምክንያቱን ሳይጠይቅ ጃንጥላ አይዘረጋም ይላሉ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር የሰማው የለም። ዲዛይነሯን ትልቁ ስክሪን ፊት አስቀመጣትና ነገሩን እንደማያውቅ ሰው አድርጋ እንድታስረዳው ለመናት።

እሷም አስረዳችው። ጎተራ ውስጥ የሚገባ ሰው በሩ ላይ ያለውን መቆለፊያ ያዞራል፤ ሲስተሙም ሰው መግባቱን ያውቃል። ከዚያ በኋላ ማሽኑን ላስነሳ የሚል ቢመጣ ስክሪኑ ላይ በቀይ ፊደል «ሰው ውስጥ አለ። ማሽኑ ቢነሳ ይሞታል» የሚል ይወጣበታል። ከጽሑፉ ሥር ሁለት ቁልፎች አሉ፤ አንዱ «ተው» ሌላው «ቀጥል» ይላል።

«ሰው ውስጥ ካለ ጭራሽ አይከለክልም? ቀጥል የሚለው ለምን ተቀመጠ?» አለ መርማሪው።

ዲዛይነሯ ወደ ሥራ አስኪያጇ ተመለከተች። ሥራ አስኪያጇ የጃኬቷን ቁልፍ እየነካካች መቆለፊያዎቹ አቧራ ሲይዛቸው ባዶውን ጎተራ ሁሉ «ሰው አለበት» እያሉ ሥራ ያስቆሙ እንደነበር ተናገረች። ቀጥላም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔ ነኝ ያስጨመርኩት» አለች።

ዲዛይነሯ ሲስተሙ ትእዛዞችን የሚይዝበትን መዝገብ ከፈተች። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ፣ ጎተራ ሁለት፣ ጀምር። ማስጠንቀቂያው ታየ። ከአንድ ሰከንድ በኋላ፣ ቀጥል። ትእዛዙ የወጣው ከሥራው ስልክ ሲሆን ስልኩ የተከፈተው በኦፕሬተሩ ስም ነው።

ኦፕሬተሩ የሟቹ ሚስት ወንድም ነው። አማቾቹ ከተኳረፉ ወራት አልፈዋል፤ ሳቂታው በሥራ ሰዓት ተኝቶ አግኝቶት ለአለቃ ነግሮበት ነበር። ባለፈው ሳምንት ኦፕሬተሩ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «የሥራህን ታገኛለህ» ብሎታል። ፖሊስ ይህን ሲሰማ ጊዜ አላጠፋም፤ አደጋው በደረሰበት ዕለት ማታውኑ አስሮት ነበር። «ይሞታል» የሚለውን አንብቦ «ቀጥል» ያለ ሰው ገዳይ ካልሆነ ማን ገዳይ ይሆናል? ፋብሪካው በሙሉ ይህንኑ ነበር የሚያወራው።

መርማሪው ግን አንዷ ሰከንድ አልተዋጠችለትም። ስልኩን አስመጣና መነጽሩን አድርጎ ትንሽ ከታገለ በኋላ፣ «ፊደሉ ደቃቃ ነው፤ ቆይ ላተልቀው» አለ።

የዲዛይነሯ እጅ ከአፏ ቀደመ። ስልኩን ከመዳፉ ላይ ወሰደችና፣ «ይስጡኝ፣ እኔ ላንብብልዎት» አለች።

መርማሪው ስልኩን ሳይሆን እጇን አየ። እሷም የጻፈችውን ራሷ አነበበችለት።

የምትደብቀው ይህ ነበር። ሲስተሙ ከእያንዳንዱ ትእዛዝ ጋር የስልኩን ፊደል መጠንም ይመዘግባል፤ ለራሷ ሥራ እንዲረዳት ያስገባችው ነገር ነው። የሞቱን ወሬ እንደሰማች መጀመሪያ የከፈተችው ያንን ነበር። አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ የስልኩ ፊደል ከልኩ እጥፍ ሆኖ ነበር። አራት ሰዓት ከሠላሳ አንድ ላይ ደግሞ ወደ ልኩ ተመልሷል።

እጥፍ ሲሆን ምን እንደሚከሰት ከማንም ይልቅ እሷ ታውቃለች። በዚያ ጠባብ ስክሪን ላይ ቀዩ ጽሑፍ እየተገፋ ከላይ ይወጣል፤ «ተው» የሚለው ከታች ይወድቃል፤ መሐል ላይ አንድ ቁልፍ ብቻውን ይቀራል። «ቀጥል»። ይህን ካወቀች ስምንት ወር ሆኗታል። ሲስተሙን ለሙከራ ከተጠቀሙት መካከል ዓይናቸው የደከመ አንዲት ሴት ጽፈውላት ነበር። እሷም በአንድ መስመር መልሳላቸው ጉዳዩን ዘጋችው። አሁን ለመርማሪው ያሳየችው መዝገብ ላይ የፊደሉ መጠን ያለበት ዓምድ የለም፤ ጠዋት ከቤት ሳትወጣ አውጥታዋለች።

ቁልፉን የተጫነው እንደሆነ ተጭኗል፤ እኔ አልነካሁትም፤ እያለች ራሷን ልታጽናና ሞከረች። ውሃ የማያነሳ ነገር መሆኑ ግን አልጠፋትም።

ከቀትር በኋላ መርማሪው የሙያ ቃል ቢገጥመኝ ታስረጂኛለሽ ብሎ ወደ እስር ቤቱ ይዟት ሄደ። ኦፕሬተሩ በአንድ ቀን ጉንጩ ጎድጉዷል። ስልኩን የመቆጣጠሪያው ክፍል ጠረጴዛ ላይ ትቶ እህል የጫነ መኪና ሊያስመዝን ሚዛኑ ጋ ሄጄ ነበር አለ። ሹፌሩም አይቶታል፤ ደቂቃውን ግን እርግጠኛ አይደለም። አማቹ ጠዋት ግቢ ውስጥ አግኝቶት፣ በመቆጣጠሪያው ክፍል የቀኑ ሥራ በሚጻፍበት ሰሌዳ ላይ ጎተራ ሦስት ተብሎ ቢጻፍም ሁለት ብሶበታልና መጀመሪያ እሱን ልግባበት ብሎ ነግሮት ነበር። ከወራት በኋላ ያናገረው የዚያን ቀን ነው።

«ስለዚህ ሁለት ውስጥ መሆኑን ታውቃለህ» አለ መርማሪው።

«አውቃለሁ። አላውቅም ብልህ ይሻለኝ እንደነበር አሁን ገባኝ።»

«ስልኩ ላይ ያልተለመደ ነገር አይተህ ታውቃለህ?»

በኦፕሬተሩ ፊት ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር አለፈ። «ፊደሉ አንዳንድ ቀን አድጎ ይጠብቀኛል። እያንዳንዱ ዳቦ ያክላል። ሳቂታው እየቀለደብኝ ይመስለኝ ነበር። ሰድቤው አሳንሰዋለሁ።» ፈገግታው ጠፋ። «ከፍቼ ባየሁት ቁጥር እሰድበው ነበር።»

መርማሪው ወደ ዲዛይነሯ ዞረ። «ፊደሉ ሲያድግ ምን ይሆናል?»

እንድትናገር በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶላት ነበር። የታሰረው ሰው ፊቷ ተቀምጧል፤ በመካከላቸው አንዲት ጠባብ ጠረጴዛ ብቻ አለች።

«ምንም» አለች። «ትንሽ ይጣበባል፣ ሌላ ምንም።»

ከአፏ እንደወጣ ምነው ምድር ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አለች በልቧ። መርማሪው አመሰገናትና ማስታወሻ ደብተሩን ዘጋ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተራው የፎርማኑ ሆነ። ፎርማኑ ሠላሳ ዓመት እዚያው ያረጁ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ሠራተኛው ሁሉ «አባታችን» የሚላቸው ሰው ናቸው። ሳቂታውን ገና ብሎን ከብሎን ሳይለይ ተቀብለው ሙያ ያስተማሩት እሳቸው ነበሩ። ማሽኑ ሲነሳ ወንፊቱ ክፍል እንደነበሩ ተናገሩ፤ አብሯቸው የነበረ ሰው ግን የለም። መርማሪው ቃላቸውን በደቃቃ ፊደል ጽፎ አቀረበላቸውና አንብበው እንዲፈርሙ ጠየቃቸው። ፎርማኑ ወረቀቱን ክንዳቸው እስኪደርስ አራቁት፣ ከላይ እስከ ታች በዓይናቸው ወረዱበት፣ ራሳቸውን ነቀነቁና «ልክ ነው» ብለው ፈረሙ። ፊርማው ከመስመሩ ወጥቶ ጽሑፉ ላይ አረፈ። መርማሪው ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

ከዚያ ሥራ አስኪያጇን አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት፤ አዲሱ ሲስተም ሲገባ ለሠራተኞቹ ምን ተብሎ ነበር? ስክሪኑን ማንበብ ያቃተው ሰው ወደ ጥበቃ ይዛወራል፣ በር ላይ ይቆማል ብላ ነበር። ሰው እንዲማር ለማስፈራራት ያልኩት ነው አለች፤ ወዲያው ደግሞ ይህን ማለቷ ራሱ አሳፈራት።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መርማሪው ሁሉንም መቆጣጠሪያው ክፍል ሰበሰባቸው። ሥራ አስኪያጇ መስኮቱ ጋ ቆመች። ፎርማኑ ወንበር ተሰጣቸው። ኦፕሬተሩ እጁ በካቴና ታስሮ መጣ። እህቱ፣ የሟቹ ሚስት፣ ከወንድሟ ራቅ ብላ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች፤ ልታየውም ላታየውም አልቻለችም። ዲዛይነሯ በሩ አጠገብ ነበረች።

መርማሪው በተለመደው ዝግ ያለ ድምፅ ጀመረ። አንድ ሰው «ሰው ውስጥ አለ፣ ማሽኑ ቢነሳ ይሞታል» የሚል ተጽፎ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ቀጥል ብሏል። የጨከነ ገዳይም ቢሆን መጀመሪያ ማንበብ አለበት። በአንድ ሰከንድ አንብቦ፣ ገብቶት፣ ወስኖ፣ ጣቱን የሚያሳርፍ ሰው አላውቅም አለ። እንግዲህ የተጫነው ሰው አላነበበም።

ቀጥሎ ወደ ሰሌዳው አመለከተ። ሰሌዳው እስካሁንም «ጎተራ ሦስት» ይላል። ሟቹ ሐሳቡን መለወጡን የነገረው ለኦፕሬተሩ ብቻ ነው። ኦፕሬተሩ ነው የተጫነው ካልን እያወቀ ገድሏል ማለት ነው። የተጫነው ሰው ግን ምንም አላየም። ሰሌዳውን አይቶ ጎተራ ሁለት ባዶ ነው ብሎ ያመነ ሰው ነው።

«ማስጠንቀቂያው ወጥቷል፤ መዝገቡ ይላል። ታዲያ ለምን አልታየም?» አለና ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ለዲዛይነሯ ዘረጋላት። «አንድ ጊዜ ጠይቄሻለሁ። ሁለተኛ ልጠይቅሽ። ፊደሉ ሲያድግ ምን ይሆናል?»

ዲዛይነሯ ስልኩን ተቀበለች። ፊደሉን አሳደገችና ባዶ ጎተራ መርጣ፣ መቆለፊያው እንዲዞር አስደርጋ፣ «ጀምር» የሚለውን ነካች። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እነሱ አዞረችው። ቀይ ነገር የለም። አንድ ትልቅ «ቀጥል» ብቻ።

ሥራ አስኪያጇ ልታየው ከመስኮቱ ርቃ ተጠጋች።

«አውቅ ነበር» አለች። ዓይኗን ከወለሉ ላይ አላነሳችም። ከመዝገቡ ላይ ያወጣችውን ዓምድ ነገረቻቸው፤ አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ ፊደሉ እጥፍ ነበር፣ አራት ሰዓት ከሠላሳ አንድ ላይ ወደ ልኩ ተመለሰ።

«የቀረችኝ እሷ ደቂቃ ነበረች» አለ መርማሪው። ከዚያም አብራራ። አራት ሰዓት ከሠላሳ አንድ ላይ ኦፕሬተሩ የጎተራውን በር በመዶሻ እየደበደበ ነበር፤ አሥራ ሁለት ሰው አይቶታል። ሥራ አስኪያጇም እዚያው ቆማ የእሳት አደጋ መኪና ትጠራ ነበር። እዚህ ክፍል መጥቶ ፊደሉን ያሳነሰ ሌላ ሰው ነው። ፊደሉ አንዳንድ ጠዋት አድጎ የሚገኘውም ያው ሰው ማሳነሱን ሲረሳ ነው። ዓይኑ የደከመ፣ ይህንንም ማንም እንዲያውቅበት የማይፈልግ ሰው፤ ካወቁበት በር ላይ እንደሚያቆሙት ተነግሮታልና።

ከኪሱ የታጠፈውን ወረቀት አውጥቶ አነበበ። ከፎርማኑ ቃል መሐል እሱ ራሱ ሆን ብሎ የጨመረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረበት፤ «እኔ በዚህ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቼ አላውቅም» ይላል። ከሥሩ ፊርማቸው አለ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባት» አለ መርማሪው። «ሌላ መንገድ አጣሁ።»

ፎርማኑ ለመካድ አልሞከሩም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተናገሩ። ወፍጮው ስንዴ ሊያልቅበት ሆነ፤ ሰሌዳው ላይ ሦስት የሚል አዩ፤ ሰሌዳው እንኳ ትልቅ ስለሆነ ይታያቸዋል። ስልኩን አንስተው፣ የልጃቸው ልጅ እንዳሳየቻቸው አድርገው ፊደሉን አሳደጉና ጎተራ ሁለትን አስነሱ። ቀጥል አላቸው፣ ቀጠሉ። ጩኸቱን ሰምተው ወደ ግቢው ሲወጡ ሰዎቹ የሚሮጡት ወደ ሁለት ነበር። ያን ጊዜ ገባቸው። ወደ ሰዎቹ ግን አልሮጡም፤ ወደ ክፍሉ ተመለሱ።

«ለምን?» አለ መርማሪው።

«ፊደሉን ላሳንስ።» አሉ ፎርማኑ። «መነጽር አለኝ፤ ቤቴ መሳቢያ ውስጥ ነው። አንድ ቀን እንኳ አድርጌው አልመጣሁም። ልጄን ገድዬ፣ ያፈርኩት በዓይኔ ነው። ይኼ ልጅ ሲታሰርም አየሁ። ነገ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ እያልኩ...»

ኦፕሬተሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የሟቹ ሚስት ከግድግዳው ተላቀቀችና ወደ ፎርማኑ ሳይሆን ወደ ዲዛይነሯ መጣች።

«አንቺ ከማን ነው ያወቅሽው?» አለቻት።

ዲዛይነሯ ሲስተሙን ለሙከራ ስለተጠቀሙት ሴት ደብዳቤ ነገረቻት። ሚስትየዋ አንብቢልኝ አለች። ዲዛይነሯ ከገዛ ስልኳ ላይ ፈልጋ አገኘችውና አነበበችላት። ዓይኔ ደካማ ስለሆነ ፊደሉን አሳድጌ ነበር፣ ማስጠንቀቂያው ጠፋብኝ፣ ሰው እንዳይጎዳ እዩት ይላል።

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«መልሱን... ተይው፣ ምንም አይጠቅምም።»

«አንብቢው።»

«በዚህ መጠን የሚጠቀም ሰው የለም» ብላ አነበበች።

ሚስትየዋ ወንበሩ ላይ የተቀመጡትን ሽማግሌ በእጇ አመለከተች። «እኚሁልሽ» አለች። ሄዳ ከወንድሟ አጠገብ ቆመችና የታሰረ እጁን ያዘችው፤ ያን ጊዜ ነው እሱም እሷም ያለቀሱት።

ካቴናው ከኦፕሬተሩ ወልቆ ፎርማኑ ያለ ካቴና ተወሰዱ። ደረጃው ላይ ሲደርሱ እግራቸው የመጀመሪያውን እርከን ስቶ ተንገዳገዱ፤ ፖሊሱ ክንዳቸውን ደገፈ። በቸልተኝነት ሰው በመግደልና ማስረጃ በማጥፋት ተከሰሱ። ሥራ አስኪያጇ ስለ ቁልፉና ስለ ማስፈራሪያዋ ቃሏን ሰጠች፤ ጉዳዩም ለፋብሪካዎች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ተላለፈ። ዲዛይነሯ ማስረጃ በመደበቅ እንደምትከሰስ መርማሪው ራሱ ነገራት፤ ሰውየው በከንቱ ታስሮ ያደረበት ሁለተኛው ሌሊት በእሷ ስም እንደሚጻፍም ጨመረላት።

በማግስቱ ቃሏን ልትሰጥ ወደ ቢሮው መጣች። ፊቷ አብጧል። መርማሪው መነጽሩን አድርጎ የጻፈችውን ሁለት ገጽ በዝግታ አነበበና አንድ ነገር እንደጎደለው ነገራት።

«ስክሪኑን አስተካክለሽዋል?»

«ትናንት ከዚያ እንደወጣሁ። ፊደሉ የቱንም ያህል ቢያድግ ጽሑፉ ካልታየ ቁልፉ አይሠራም። ሰው ውስጥ ካለ ደግሞ ቀጥል የሚለው ከነጭራሹ የለም። ሥራ አስኪያጇን አላስፈቀድኩም።»

«ምን ያህል ጊዜ ወሰደብሽ?»

ዲዛይነሯ የጻፈቻቸውን ሁለት ገጾች ተመለከተች።

«ሃምሳ ደቂቃ» አለች።

እስክሪብቶውን ወደ እሷ ገፋላት። «እሱንም ጻፊው።»

ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። መጀመሪያ በአኃዝ የጻፈችውን ሰረዘችው፤ ማንም እንዳይሳሳት በፊደል፣ ተለቅ አድርጋ ጻፈችው።